ጣና መቼ ይኬዳል? የደሴቶቹ ዓመት በሮቶ ሂሳብ

ኅዳር ላይ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ከሰማይ ጡሩምባ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ረጃጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች በ7 ቁጥር ቅርጽ ተሰልፈው ወደ አባ ሳሙኤል አቅጣጫ ይበራሉ። የጎረቤቴ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎን በረንዳ ላይ ሆና እሷም ታያለች።

«ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

«ክሬን ይባላሉ።»

«ክሬን? እንደዚያኛው ክሬን?» ብላ ከማዶ ያለውን የግንባታ ማሽን አሳየችኝ።

ልክ ነች። ማሽኑ ስሙን የወሰደው ከወፏ ነው። ረጅም አንገቷን አውጥታ ከመሬት ስትለቅም ያያት ሰው ዕቃ የሚያነሳውን መሣሪያ በሷ ስም ጠራው። ከየት እንደሚመጡ ስነግራት፣ ወገኖቻቸው ጣና ሐይቅም እንደሚከርሙ ጨመርኩላት። ዓይኗ በራ። «እኛ እኮ ቤተሰቡ በሙሉ ጣና ልንሄድ ነው! ግን አባባ የፋሲካ እረፍት ይሻላል ይላል፣ እማማ ገና ይሻላል ትላለች፣ እኔ ደግሞ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እንሂድ እላለሁ። የቱ ነው ትክክል?»

«ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ሁሉንም!»

ችግሩ እሱ ጋ ነው። በጣና ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይገኝም። እኔ የውሃ ምህንድስና ነው የማጠናው፤ ስለዚህ መልሱን በውሃ ሂሳብ ልስጣት ብዬ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የበረንዳ ወሬ ሰፋ ያለ ቅጂ ነው። (ወራቱን በኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን ጥናቶቹ እንደሚጠቀሙበት በእ.ኤ.አ. ነው የጻፍኩት።)

የትሮፒክ ደሴቶች? አዎ፣ እኛም አሉን

«በትሮፒክ ክልል የሚገኙ ደሴቶች» ሲባል ብዙዎቻችን ሲሸልስን ወይም ዛንዚባርን እናስባለን። ግን ትሮፒክ ማለት ፀሐይ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን በትክክል አናት ላይ የምትቆምበት የምድር ክፍል ማለት ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23.5 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጣና በሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በደንብ ውስጥ ነው። ደሴቶቹም 37 ያህል እንደሆኑ ይነገራል፤ ቁጥሩ የሚያወዛግበው አንዳንዱ ውሃው ሲጎድል ከየብስ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ትልቁ ደቅ ነው። ከጎኑ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ጣና ቂርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ሲጠጉ ደግሞ ክብራን ገብርኤል እና ደብረ ማርያም አሉ።

ከባሕር ደሴቶች የሚለየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ትሮፒክ ቢሆንም አየሩ አያፍንም። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። የምንኖርበት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እዚያ ቢሰምጥ ጣሪያው ከውሃው በላይ ሳይታይ አይቀርም። ይህን የጥልቀት ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ዝናቡ ከየት ይመጣል?

በምድር ወገብ አካባቢ ከሰሜን የሚነፍሰው ንፋስና ከደቡብ የሚነፍሰው ንፋስ ይገናኛሉ። ሲገናኙ አየሩ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ደመና ይሆናል። ይህ የንፋሶች መገናኛ ምድርን እንደ መቀነት የሚዞር የዝናብ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ፀሐይን ተከትሎ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ሰሜን መጥቶ ጣናን ያልፋል። ጥር ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ አገሮች ወርዶ ይገኛል።

በመሆኑም ምድር ወገብ ላይ ያሉ አገሮች ቀበቶው ሲወጣ አንዴ፣ ሲወርድ አንዴ፣ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ያያሉ። ጣና ግን ቀበቶው የሚደርስበት የሰሜን ጫፍ አካባቢ ስላለ አንድ ትልቅ ክረምት ነው ያለው፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። እኛ አዲስ አበባ ላይ የምናያት የበልግ ዝናብ እዚያ ብዙም አትታወቅም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ፀሐይ በጣና አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 14 አካባቢ እና ነሐሴ 14 አካባቢ። ታዲያ ለምንድን ነው ሚያዝያ የሚያቃጥለው፣ ነሐሴ ግን የሚበርደው? ፀሐይዋ ያው ናት፤ ልዩነቱ ነሐሴ ላይ ከሷ በታች የተዘረጋው ደመና ነው። አባባ በፋሲካ እንሂድ ሲሉ የዓመቱን ሞቃት ጊዜ እየመረጡ ነው ማለት ነው።

የሮቶ ሂሳብ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰማይ ነው። የጣናን እንስሳት ለማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከሰማዩ ይልቅ የውሃውን ልክ ቢያይ ይሻለዋል። ሁለቱ ደግሞ እኩል አይሄዱም።

ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ በሌላው ቀን ከሮቶው ይቀዳል። እስቲ በደቂቃ 10 ሊትር እየገባ 4 ሊትር እየወጣ ነው እንበል። ሮቶው ይሞላል። አሁን የቧንቧው ግፊት ደከመና 6 ሊትር ብቻ መግባት ጀመረ። የሮቶው ውሃ ይቀንሳል? አይቀንስም! የሚገባው አሁንም ከሚወጣው ስለሚበልጥ፣ ቀስ እያለ ቢሆንም መሙላቱን ይቀጥላል። መሙላቱ የሚቆመው የሚገባው 4 ሲደርስ፣ ማለትም ከሚወጣው ጋር እኩል ሲሆን ነው። የሮቶው ጫፍ የሚታየው ቧንቧው በጣም በሚጎርፍበት ሰዓት ሳይሆን ዘግየት ብሎ ነው።

ጣናም እንደዚያው ነው። «ቧንቧዎቹ» ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ። «መቅጃዎቹ» ደግሞ የአባይ ወንዝ፣ ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ እና ፀሐይ ናቸው። ፀሐይን እንዳትንቋት፤ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ በትነት ትወስዳለች። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ግን መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወንዞቹ እየደከሙ ሲሄዱ ውሃው ቀስ በቀስ ይወርድና ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ዝናቡ ሰኔ ላይ ቢጀምርም የመጀመሪያው ውሃ የደረቀውን አፈር ማርካት ስላለበት ሐይቁ ወዲያው አይነሳም።

በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አባዙት፤ 4.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ብንደረድር 450 ሚሊዮን ሮቶ ማለት ነው።

አሁን ያ «ያዙልኝ» ያልኩት የጥልቀት ነገር ይምጣ። ዳርቻው ገደል በሆነ ሐይቅ ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ቢወርድ ድንጋዩ ላይ ምልክት ትቶ ዝቅ ይላል፤ በቃ። የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ግን፣ በተለይ የፎገራ ሜዳ፣ ጠፍጣፋ ነው። በጠፍጣፋ መሬት ላይ ውሃ ትንሽ ከፍ ሲል በጣም ርቆ ይሄዳል፤ ትንሽ ዝቅ ሲል በጣም ርቆ ይሸሻል። ገበሬዎቹ ለዚህ መሬት ስም አላቸው፤ «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ባሕሩ ሲሸሽ የሚዘራበት መሬት ማለት ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው በዚህ መሬት ላይ ነው፤ ዓሣውም ወፉም ገበሬውም የውሃውን መምጣትና መሸሽ ይከተላሉ።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፦ ዓሦቹ ሽቅብ ይወጣሉ

ይህ ቱሪስት የማይታይበት ጊዜ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሐይቁ በደለል ቡናማ ይሆናል፣ ሰማዩ የተዘጋ ነው። ውሃው ውስጥ ግን የጣና ትልቁ ክስተት ይካሄዳል።

በጣና ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ አሉ፤ እነሱን ሌላም ቦታ ታገኟቸዋላችሁ። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው ትልልቅ ዓሦች ግን የተለዩ ናቸው። 15 ያህል ዝርያ ሆነው የሚገኙት እዚሁ ሐይቅ ነው። አንዱ የውሃ ወለል ያስሳል፣ ሌላው ከድንጋይ መሃል ይለቅማል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። የሚገርመው ይህ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ አዳኝ መሆን ቀላል አይደለም! በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናኦ ሐይቅም ይህን የመሰለ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው፤ ዛሬ አብዛኛው ጠፍቷል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይበታተን የቀረው በጣና ነው ይባላል።

ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ወንዞቹ ሲሞሉ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉ ረገብ ሲል ሽቅብ ወጥተው ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ። እዚያ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ወለሉም ጠጠር ነው። እንቁላል በጭቃ ከተሸፈነ ታፍኖ ይሞታል፤ በጠጠር መሃል ግን ንጹሕ ውሃ እየተመላለሰ ኦክስጅን ያደርስለታል። ጊዜው አጭር ነው፤ ውሃው በጣም ሲበዛ ይደፈርሳል፣ በጣም ሲያንስ መውጣት አይቻልም።

ከውሃው በላይ ላለ ሰው ደግሞ ይህ ጊዜ አባይ ጢስ ዓባይ ላይ ከመቼውም በላይ ጎርፎ የሚወድቅበት፣ ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ የሚሸፈንበት ነው። ዘውድ ያለው ክሬንም አለ። እሱ እንግዳ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ከአናቱ ላይ ወርቅማ ዘውድ ይዞ ክረምት ላይ እርጥብ ሣር ውስጥ ጎጆውን ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው። የተኛ ውሃ ሲበዛ ትንኙም ይበዛል። አጎበር ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ከጥቅምት እስከ የካቲት፦ እንግዶቹ ይወርዳሉ

በረንዳዬ ላይ ያየኋቸው ግራጫ ክሬኖች የተፈለፈሉት ከፊንላንድ እስከ ምዕራብ ሩሲያ ባሉ ረግረጎች ሊሆን ይችላል። ሳይንቲስቶች የሳተላይት መከታተያ አስረውባቸው መንገዳቸውን አይተዋል፤ ቱርክንና እስራኤልን አቋርጠው ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። ክብደታቸው 5 ኪሎ ገደማ፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ያን ሁሉ መንገድ ቢሄድ ጉልበቱ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ከጋለ መሬት የሚነሳውን ሞቃት አየር እንደ አሳንሰር ይጠቀማሉ፤ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ይንሳፈፋሉ። (የኛ ብሎክ አሳንሰር የለውም፤ ስለዚህ እቀናባቸዋለሁ።)

ለምን ጣናን መረጡ? ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚያገኙ ነው። ቀን ምግብ፤ ጤፉ፣ ሩዙና ሽምብራው ሲሰበሰብ ማሳ ላይ የሚቀረውን እህል ይለቅማሉ። ማታ መኝታ፤ ቅልጥማቸውን ብቻ የሚነክር ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብ ወይም ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማሉ። ሐይቁ ሞልቶ ሜዳውን ከሸፈነ በኋላ መሸሽ ሲጀምር ደግሞ ማሳውና ጥልቀት የሌለው ውሃ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ውሃው ቶሎ ከደረቀ መኝታ የለም፤ ከቶም ካልሸሸ ማሳ የለም።

በዚህ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጀልባ ለመሄድም ይመቻል። ፔሊካኖች ጀልባውን ተከትለው ሲመጡ ታያላችሁ። ገዳማቱ ያሉባቸው ደሴቶች ለዘመናት ዛፋቸው ስላልተቆረጠ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ወፎቹም ጦጣዎቹም የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ሴቶች ልብ በሉ፤ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ በደቅ ደሴትና በዘጌ ልሳነ ምድር ግን ሴቶች የሚገቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ ባሕሩ ይሸሻል

ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየሩ በአቧራና በጭስ ይደበዝዛል፣ እንግዶቹ ክሬኖች ወደ ሰሜን ተመልሰዋል። ለፎቶ የማይመች ጊዜ ነው። ጉማሬ ለማየት ለሚፈልግ ግን አይከፋም፤ ውሃው ጎድሎ ሣሩም አጥሮ ስለሚጠብቅ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ብቅ ሲያደርጉ ይታያሉ። በዳርቻው ድንጋይ ላይ አርጃኖ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኛላችሁ። ደንገል በሚበቅልበት ዳርቻ ደግሞ ታንኳ ሠሪዎቹን ተመልከቱ፤ የደንገል ታንኳ እየተጠቀሙበት ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ በየጊዜው እያወጡ ማድረቅና በአዲስ መተካት የዓመቱ ሥራ አካል ነው።

ከሰዓት በኋላ አትሂዱ

ይህን የተማርኩት ረጥቤ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ እንቅልፌን ጠግቤ፣ ምሳዬን በልቼ፣ 8 ሰዓት ላይ ጀልባ ተሳፈርኩ። ባለ ጀልባው «ወንድሜ፣ ጠዋት ቢሆን ይሻል ነበር» አለኝ፤ አልሰማሁትም። ስንመለስ ማዕበሉ ከጎን እየመታን ማስታወሻ ደብተሬ ሁሉ ገንፎ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት፣ አንድ ኪሎ ደረቅ አፈርን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ቶሎ ይግላል፣ ሐይቁ ይዘገያል። ከጋለው የብስ ላይ አየር ወደ ላይ ሲነሳ፣ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ንፋሱ የሚበረታው የብሱ በደንብ ከጋለ በኋላ፣ ማለትም ከሰዓት ነው። ማታ ተራው ይገለበጣል፤ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ አየሩ ከሐይቁ ላይ ይነሳል። ክረምት ላይ በዙሪያው ተራሮች ዝናቡ ከሰዓት ሲሆን ሐይቁ ላይ ግን ሌሊት የሚያዘወትረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በየትኛውም ወር ብትሄዱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ።

ሰዓቱን ስንነካው

እስካሁን ያየነው ሰዓት የሚሠራው ውሃው በጊዜው መጥቶ በጊዜው ሲሄድ ነው። ሰዓቱን ግን ሰው መንካት ይችላል፤ የኔ ሙያ ደግሞ በትክክል ያንን ነው የሚያስተምረው።

አባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጨረጨራ የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት መዝጊያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት ተጨመሩለት። ዓላማው ክረምት የመጣውን ውሃ አቆይቶ በጋ ላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ መልቀቅ ነው። በሮቶ ቋንቋ መቅጃው ላይ ቧንቧ ተገጠመለት ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ መብራት እንፈልጋለን። ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የዝናቡ እጥረትና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ተደማምረው ሐይቁ በጣም ወረደ። መርከቦች ለአራት ወር ገደማ መጓዝ አቆሙ፤ ሰፊ የደንገል ቦታ ደርቆ ጠፋ፤ እርሻ እስከ ሐይቁ ወለል ድረስ ገባ። የግማሽ ሜትር ስህተት በጠፍጣፋ ዳርቻ ላይ የኪሎ ሜትር ስህተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከሐይቁ ውሃ ወደ በለስ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ «ሐይቁ ስንት ሜትር ላይ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ የአንድ መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የክሬኑም የባለ ታንኳውም ጥያቄ ነው።

ዓሦቹም ተነክተዋል። እንቁላል ለመጣል ሲወጡ ሁሉም በአንድ ወንዝ አፍ፣ በአንድ ሳምንት ይገኛሉ። ለአጥማጅ ይህ ሎተሪ ነው። መረብ ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ ግን ገና ያልወለዱትን እናቶች ነው የሚይዘው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 የተያዘውን ከ2001ዱ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ወርደው አገኟቸው። በነሐሴና በመስከረም የወንዙን አፍ መረብ ቢነፈግ ብዙ ነገር ይድናል፤ ዓመቱን ሙሉ መከልከል አያስፈልግም። የወቅት እውቀት እንጀራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ እምቦጭ አለ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተንሳፋፊ አረም በጣና የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እሱም ወቅት ጠባቂ ነው፤ ክረምቱ ከእርሻ አፈርና ማዳበሪያ አጥቦ ሲያመጣለት ይመገብና ከመስከረም በኋላ ይፋፋል። ንፋስ ሲመጣ ምንጣፉን ከዳር ዳር ይገፋዋል፤ ዛሬ የጸዳ ዳርቻ ነገ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። የሚዘጋው ደግሞ ያንኑ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ነው፣ ክሬኑ የሚያድርበትንና የዓሣ ጫጩት የሚያድግበትን።

ታዲያ መቼ?

ለጎረቤቴ ልጅ በደብተሯ ላይ ይህን ጻፍኩላት።

ነሐሴ መጨረሻና መስከረም፦ ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ለአደይ አበባ፣ ለሞላ ሐይቅ። ጭቃ አለ፣ ጃንጥላና አጎበር ያስፈልጋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ለክሬን፣ ለፔሊካን፣ ለጥርት ያለ ሰማይ። ሹራብ ይያዝ።

ጥርና የካቲት፦ ለደሴቶቹ ጫካና ለገዳማቱ። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በሰው ይሞላል፤ ማደሪያ ቀድሞ ይያዝ።

ሚያዝያና ግንቦት፦ ለጉማሬና ለባሕር ሸሽ። ኮፍያና ብዙ የሚጠጣ ውሃ።

በየትኛውም ወር፦ ጀልባ ጠዋት። ዳርቻው ላይ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባት አይመከርም፤ ቢልሃርዝያ አለ።

አንብባ ስትጨርስ እማማ እንዳሸነፈች አወቀች። ገና ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ስለሆነ ክሬኖቹ አይሄዱም። «ግን» አለች፣ «ክሬኑን ለማየት ባሕር ዳር ድረስ ለምን እንሄዳለን? ከዚህ ይታያል አይደል?»

ይታያል። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ በወፍ መጠለያነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመዘገበ ቦታ ነው። ክሬኖቹ የሚመጡት ለተመሳሳይ ነገር ነው፤ ቀን መረሬው ላይ የሚለቀም የጤፍና የሽምብራ ቃርሚያ፣ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ። እምቦጩም እዚህ አለ፤ የአዲስ አበባ ወንዞች ይዘውት የሚመጡት ቆሻሻ ይመግበዋል። እኔ የምኖርበት ብሎክ ራሱ የቆመው ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። ቤቱ ያስፈልገኝ ነበር፤ ክሬኖቹም ማሳው ያስፈልጋቸው ነበር። ሁለቱንም እውነት ይዤ ነው በረንዳዬ ላይ የምቆመው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 12 ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ ወደ ሰማይ ተመልከቱ። መጀመሪያ የታዩበትን ቀን፣ ብዛታቸውን፣ የሄዱበትን አቅጣጫ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ቀኑ ከተለወጠ ወይም ቁጥሩ ከቀነሰ፣ የውሃው ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የጎረቤቴ ልጅ ጀምራለች። የመጀመሪያው ገጿ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ኅዳር 9፣ ጠዋት፣ 43 ክሬን። አንድ ማሽን።»